ከትሬስኮት ሣጥን የጠፋው ሰዓት

ሰዓቱ መጥፋቱ የታወቀው ሐሙስ ጠዋት፣ በረዶ እየጣለ ሳለ ነው። የመጋቢት በረዶ ነበር፤ ሰፋፊ፣ ዝግ ያለ፣ አስፋልት ሲነካ የሚሟሟ። መርማሪ ልዕልት ሀይለማርያም ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ ሀቫና መንገድ ላይ ፓርክ አድርጋ ስትወርድ፣ በምዕራብ በኩል ሁልጊዜ የሚታዩት ተራሮች ከሰማዩ ተፍቀው ነበር። ከተማው ከዓለም ተቆርጦ ብቻውን የሚንሳፈፍ መሰላት።

የሰዓት ቤቱ ጠባብ ነው። ለጥገና የመጡ የግድግዳ ሰዓቶች ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰቅለው እያንዳንዱ በራሱ ልክ ይመታል። ልዕልት በሩን ገፍታ ስትገባ፣ ዝናብ ሲያባራ ከዛፍ ሥር የቆመች ያህል ድምፁ ከየአቅጣጫው ተንጠባጠበባት።

መሃል ቤቱ ላይ ረጅም የመስተዋት ሣጥን ቆሟል። እንደተቆለፈ ነው። ውስጡ ሰማያዊ ከፋይ ተነጥፏል፤ ከፋዩ ላይ ክብ ጎድጓዳ ምልክት አለ። ምልክቱ ላይ መኖር የነበረበት ሰዓት ግን የለም።

"ትናንት ስዘጋ እዚሁ ነበር" አሉ የሱቁ ባለቤት አቶ አብዱልሐሚድ። ስድሳውን ያለፉ፣ ሽበታቸው በደንብ የተከረከመ ሰው ናቸው፤ ሱቁ ሞቃት ቢሆንም እጆቻቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አላወጡም። "ዛሬ ስከፍት የለም። በሩ አልተሰበረ፣ ሣጥኑ አልተሰበረ። ወላሂ፣ ጂን የወሰደው ነው የሚመስለው።"

"አላርሙስ?"

"ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንዴ ጠፍቶ እንደገና በርቷል" አለች ከጥጉ የቆመች ወጣት። ልጃቸው ኑሰይባ ናት፤ እዚያው ኦሮራ የተወለደች፣ ከአባቷ ጋር የምትሠራ። "ስልኬ ላይ ሬከርዱ አለ። ኮዱን ሁላችንም እናውቀዋለን።"

ልዕልት የሁሉንም ስልክ ቁጥር እንድትጽፍላት ጠየቀቻት። ልጅቱ በግራ እጇ ቶሎ ቶሎ ጻፈች፤ መዳፏ ገና ያልደረቀውን ቀለም እያበሰው።

ከሣጥኑ ጎን አንድ ረጅም ፈረንጅ ባዶውን ከፋይ እያየ ቆሟል። ፍሬዘር ትሬስኮት ይባላል፤ ዴንቨር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። የጠፋው ሰዓት የእሱ ነው። ታሪኩን ሲናገር የሞተ ዘመዱን የሚያነሣ ይመስል ነበር። ቅድመ አያቶቹ እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ውስጥ፣ "ትሬስኮትና ልጆቹ" የሚባል የሰዓት ፋብሪካ ነበራቸው። እሱ ከመወለዱ በፊት ተዘጋ። ለእሱ የተረፈው አንድ የቆመ የብር የኪስ ሰዓትና አንድ የድሮ የእንጨት ታፔላ ብቻ ነው። ሰዓቱን ይዞ ስንት ቤት ዞረ፤ ሁሉም አይሠራም ብለው መለሱለት። አቶ አብዱልሐሚድ ግን አንድ ክረምት ሙሉ አብረውት ከርመው አስነሡት።

"የቆመው ሰዓት ከተነሣ ድርጅቱስ ለምን አይነሣም አልን" አለ ፍሬዘር። "አሮጌውን እንደ አብነት ይዘን አዲስ ሠራን። የመጀመሪያው አልቋል። ቅዳሜ ምረቃ ነው። አክስቴ ከእንግሊዝ ትናንት ገብታለች፤ ያንን ፋብሪካ በዓይኗ ያየች ከቤተሰባችን የቀረች እሷ ብቻ ናት። አብዱልሐሚድ በእንግዶቹ ፊት አሮጌውን ሰዓት ፈትቶ፣ ልቡን አውጥቶ አሳይቶ፣ መልሶ ሊያስነሣው ነበር።"

"ከሰዓቱ ሌላ የጠፋ ነገር አለ?"

አቶ አብዱልሐሚድ ለልጃቸው በአገጫቸው ምልክት ሰጧት። እሷ ጓዳ ገብታ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ያለውን መሳቢያ ከፈተች። "መሙያ ቁልፉ የለም።"

የዱሮ የኪስ ሰዓት የሚሞላው ጥፍር በምታክል ትንሽ ቁልፍ ነው። ቁልፏ ከሣጥኑ ርቃ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ በቆዳ ጨርቅ ተጠቅልላ ትቀመጥ ነበር።

ልዕልት ባዶውን መሳቢያ ለረጅም ጊዜ አየችው። ብሩን አቅልጦ የሚሸጥ ሌባ መሙያ ቁልፍ ፍለጋ መሳቢያ አይበረብርም። የወሰደው ሰው ሰዓቱ እንዳይቆም ይፈልጋል።

*

አቶ አብዱልሐሚድ ጓዳ ውስጥ ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው ጎን አስቀመጧት። ኑሰይባ ሻይ ቀድታ ወጣች።

"የሣጥኑ ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው ያለው?"

"አንዱ ፍሬዘር ጋ። አንዱ እኔ ቤት፣ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል።"

"ትናንት ከመግሪብ በኋላ የት ነበሩ?"

"መስጊድ። ከዚያ ቤቴ። ኑሰይባ የፍሬዘርን አክስት ልትቀበል ከኤቢ ጋር አየር ማረፊያ ሄዳ ስለነበር ብቻዬን ነው ያመሸሁት።" ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። "ምስክር የለኝም ማለት ነው፣ ልጄ።"

ኤቢ ለምረቃውም ለድርጅቱም ገንዘብ ያወጣው ሰው ነው። ልዕልት ስሙን ያዘች።

ጠረጴዛው ላይ አዲሱ ሰዓት በመስተዋት ክዳን ሥር ተቀምጧል። ልዕልት አጎንብሳ አየችው። ፊቱ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ በጀርባው በኩል ደግሞ ትንሿ ቀለበት ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፤ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ትመስላለች። ስታየው ለምን እንደመጣች ለአፍታ ረሳች።

ቀና ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ወረንጦውና ካቻቢቴዎቹ በግራ በኩል ተደርድረዋል። መብራቱ በቀኝ ነው። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ነገሩ ልቧ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

"ሻይዎ በረደ" አለቻቸው።

"ትኩስ አልወድም" አሉ፤ ብርጭቆውን ግን አልነኩትም። የሰጡትን ቃል እንዲፈርሙ ወረቀቱን ስታቀርብላቸው፣ "መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፤ ነገ ይሁንልኝ" አሏት። መነጽሩ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

*

ከሰዓት ቤቱ ቀጥሎ ጨርቅ የምትሸጠው ማህፉዛ ያየችውን ለመናገር ልመና አላስፈለጋትም።

"ፈረንጁን አይቼዋለሁ። ሊመሽ ሲል በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ወጣ። መኪናው ውስጥ ሲያስገባ ዞር ዞር እያለ ያያል።"

"ትልቅ ነበር ትንሽ?"

"ትልቅ። ግን ትልቅ ነገር ውስጥ ትንሽ ነገር መደበቅ ይቻላል፣ አይደል?" አለች በኩራት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እህቴ፣ ሰው ማውራት ጀምሯል። ቁልፉ ያለው አብዱልሐሚድ ቤት ነው እየተባለ ነው። ሰውየው እኮ ኢማሙ እንኳን ሰዓቱን አምኖ የሚሰጠው ነው። ይኼ ነገር ቶሎ ካልጠራ ስሙ ዳግም አይነሣም።"

ፍሬዘር ስለ ጥቅሉ ሲጠየቅ አንገቱ ድረስ ቀላ። መልስ ከመስጠት ይልቅ፣ "ሌክውድ እንሂድ" አላት።

በረዶው ቆሞ ነበር። ሌክውድ ሲደርሱ ተራሮቹ ተመልሰው መጥተዋል፤ ግርጌያቸው በጉም ተሸፍኖ ጫፋቸው ብቻ አየር ላይ ቆሟል። ፍሬዘር ጽሑፍ የሚቀባ ሰው ጋራዥ ውስጥ አስገባትና ብርድ ልብሱን ገለጠው። የድሮው የእንጨት ታፔላ ነው። "ትሬስኮት" የሚለው ወርቃማ ጽሑፍ እንደገና ተቀብቷል። ከሥሩ፣ በዚያው ፊደል፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ሌላ ስም አለ፤ "አብዱልሐሚድ" ይላል።

"ቅዳሜ እንዲያየው ነው" አለ ፍሬዘር። "እባክሽ አትንገሪው።"

ልዕልት ታፔላውን፣ ከዚያ ሰውየውን አየች። "ሰዓቱን የወሰደው እሱ ቢሆንስ?"

ፍሬዘር ብርድ ልብሱን መልሶ ታፔላው ላይ ጣለ። "ከጠዋት ጀምሮ የማስበው እሱን ነው" አለ። "እንዲህ በማሰቤ ራሴን ጠላሁት።"

*

ኤቢ ግሌንዴል ውስጥ ነው ቢሮው፤ ከአየር ማረፊያ እንግዳ የሚያመላልሱ ጥቁር መኪኖች አሉት። ቀልጣፋ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ከፍሬዘር ጋር መጣላቱን አልደበቀም።

"እኔ ያልኩት ቀላል ነው። ስሙ የእንግሊዝ፣ ታሪኩ የእንግሊዝ። ሰዓቱን ሌላ አገር በፋብሪካ እናስመርት፣ በዓመት ሺህ እንሽጥ። እነሱ ግን በእጅ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ። እሺ ብዬ ተውኩት።"

"አሮጌው ሰዓት ቢጠፋ በእጅ የሚሠሩበት አብነት አይኖራቸውም" አለች ልዕልት። "ያኔ የአንተ ሐሳብ ብቻ ይቀራል።"

ኤቢ ሳቀ። "ጥሩ አስበሻል። ግን ትናንት ማታ አሮጊቷን ልቀበል አየር ማረፊያ ነበርኩ። በረራው ዘገየ። እዪው።" ስልኩን አቀበላት። ፎቶው ላይ ከመድረሻው በር ፊት ስም የተጻፈበት ካርቶን ይዞ ቆሟል፤ ቀጣዩ ላይ ዊልቸር ላይ የተቀመጡ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት አጠገቡ አሉ። ዊልቸሩን የሚገፋው ልጅ ጭምር ፈገግ ብሏል።

ልዕልት ፎቶዎቹን ወደፊትም ወደኋላም አገላበጠች።

"ኑሰይባ የት አለች?"

"ማን?"

"የአቶ አብዱልሐሚድ ልጅ። አብራህ አልነበረችም?"

"ኖ፣ ብቻዬን ነበርኩ። እመጣለሁ ብላ ነበር፤ ቀረች።"

ልዕልት ስልኩን መለሰችለት። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ተቀመጠች። በግራ የተደረደሩት ካቻቢቴዎች፣ ግራ መዳፍ ያበሰው ቀለም፣ ኪስ ውስጥ የቀሩት እጆች፣ ያልተነካው ብርጭቆ፣ ያልተፈረመው ወረቀት፤ ሁሉም ቀስ ብለው እየተንሳፈፉ መጥተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ደስ አላላትም። ደወለች።

"የት ነሽ?"

ከወዲያኛው በኩል ነፋስ ይሰማል። "ቼሪ ክሪክ። ሐይቁ ጋ" አለች ኑሰይባ። ቀጥላም "ነይ" አለቻት።

*

ከሐይቁ ላይ እንፋሎት ይነሣ ነበር። ውሃውና ሰማዩ አንድ ሆነው፣ ሁለት ዳክዬዎች መሃላቸው ላይ ተሰቅለዋል። ኑሰይባ መኪናዋ ውስጥ ናት። ልዕልት ከጎኗ ገብታ በሩን ዘጋች። ልጅቱ ጃኬቷን ገለጥ አደረገች፤ የብሩ ሰዓት በቆዳ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ይመታል።

"ልመልሰው ነበር። አይ ስዌር፣ እምልልሻለሁ።"

"አዲሱን ሰዓት የሠራሽው አንቺ ነሽ" አለች ልዕልት።

ኑሰይባ ዓይኗን ከሐይቁ ላይ አላነሣችም። "እጁ ይንቀጠቀጣል። ከረመዳን በፊት ነው የጀመረው። መጀመሪያ ወረንጦ ጣለ፤ ሳቀ። ከዚያ ብሎኖቹን ተቧጭረው ማግኘት ጀመርኩ። እሱ ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት መስጊድ ሲሄድ እኔ ሱቅ እገባለሁ። ማታ የሠራውን ፈትቼ፣ አስተካክዬ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ሲመጣ ቤት ነኝ። ሂ ዳዝንት ኖው፤ አያውቅም።"

"አሮጌውንስ ለምን ወሰድሽው?"

"ቅዳሜ ሰው ፊት ሊፈታው ነው። ያቺ የምትወዛወዘው ቀለበት ላይ ያለችው ሽቦ ከፀጉር ትቀጥናለች። እጁ አንዴ ከሳተ አለቀ። ሰዓቱም፣ እሱም። ሁሉም ያየዋል። ኤቢ፣ ፍሬዘር፣ አክስትየዋ፣ ቪዲዮ የሚያነሣው ሁሉ።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ሰዓቱ ከሌለ የሚፈታ ነገር የለም። ምረቃው ይሰረዛል፣ ሴትየዋ አገሯ ትመለሳለች፣ ከዚያ መደርደሪያ ኋላ ወድቆ አገኘሁት ልል ነበር።"

"አባትሽ ሌባ እየተባሉ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

ኑሰይባ ዞረች። "ምን?"

"ቁልፉ ያለው እሳቸው ቤት ነው። ጎረቤቱ ማውራት ጀምሯል። ፍሬዘርም ጠርጥሯል።"

የልጅቱ ፊት ተለዋወጠ። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ዳክዬዎቹ ወደ እንፋሎቱ ገብተው ጠፉ።

"ልታስሪኝ ነው?"

"የንብረቱ ባለቤት ፍሬዘር ነው። መጀመሪያ እሱ ይስማ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ መስማት ያለበት ሰው አለ። እኔ አልነግርልሽም።"

*

አቶ አብዱልሐሚድ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግደው ስጋጃቸውን እያጠፉ ነበር። ኑሰይባ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልዕልት በሩ ጋ ቀረች።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ።"

ሰዓቱን ሳይሆን እሷን አዩዋት። "ለምን?"

"እጅህን አይቼ።"

ሰዓቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ ያወሩ ጀመር፤ ወይም ለልዕልት እንዲያ መሰላት። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እጁ ራሱን ችሎ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ይርገበገባል።

"አዲሱን ሰዓት…" ብላ ጀመረች ኑሰይባ።

"ጠዋት ጠዋት ስመጣ" አሉ አባቷ፣ "ሥራው ካሰብኩት በላይ አምሮ አገኘዋለሁ። ማታ ደክሞኝ ነው ያልታየኝ እላለሁ። ዕቃዎቼ በግራ ተቀምጠው አገኛለሁ፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው እላለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም እጄ ዳነ ብዬ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ ወረድኩ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ማወቅ አልፈለግኩም፣ ልጄ።"

ተነሡና ግንባሯን ሳሙ። ከዚያ በዚያው በሚንቀጠቀጠው እጅ ስልካቸውን አንሥተው ፍሬዘርንና ኤቢን ጠሩ።

ሁለቱም መጡ። ሽማግሌው ነገሩን ሁሉ ሲናገሩ ኤቢ ቆሞ ነው የሰማው። እስኪጨርሱ አላቋረጣቸውም። "ይቅርታ፣ ጋሼ" አለ። "እኔ የገባሁት የእርስዎን እጅ አምኜ ነው። ለገዢ የምነግረው የአንጋፋውን ባለሙያ ታሪክ ነው። ይኼ እኔ የገባሁበት ነገር አይደለም።" የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ከሄደው ሰው ጋር ምን ምን እንደሄደ ሁሉም ያውቃል፤ ሊከራዩት ያሰቡት ሰፊ ቤት፣ ሊገዟቸው ያሰቧቸው ማሽኖች፣ ተከታዮቹ ዓመታት።

ፍሬዘር ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥ ነበር። "ክስ የለም" አለ ለልዕልት። ወደ አቶ አብዱልሐሚድ ዞረ። "ጠርጥሬህ ነበር።"

"እኔም አንተን ጠርጥሬህ ነበር" አሉ እሳቸው። "ማህፉዛ ስለ ብርድ ልብሱ ነግራኛለች።"

ፍሬዘር ሳይፈልግ ሳቀ። "ታፔላ ነው። ስምህን አስጽፌበት ነው። አልደረቀም እንጂ…"

"የእኔን ስም?" አሉ አቶ አብዱልሐሚድ። "አሁንማ አስጠፋው።"

"አላስጠፋም። ሰዓቱን ያስነሣኸው አንተ ነህ። ለሌላ ስም ደግሞ ቦታ አለው፤ እንጨቱ ሰፊ ነው።"

*

ቅዳሜ ኤቢ የጠራቸው እንግዶች አልመጡም። የመጡት ጎረቤቶች፣ የፍሬዘር ጥቂት ባልደረቦች፣ ከመስጊዱ አምስት ስድስት ሰዎችና አክስትየዋ ነበሩ። ፀሐይ ወጥታ የተረፈው በረዶ ከጣሪያው ጠርዝ ይፈስሳል፤ ብርሃኑ መስኮቱ ላይ ውሃ ውሃ እያለ ይጫወታል። ልዕልት ሥራዋ ቢያልቅም መጥታ ከኋላ ቆመች። ሪፖርቷን ጽፋ ነበር፤ የተጻፈው እውነቱ ነው፤ መዝገቡ ግን ተዘግቷል።

አክስትየዋ ከፊት ተቀምጠዋል። ነገሩ ሁሉ ጠዋት ተነግሯቸው፣ አዲሱን ሰዓት በአጉሊ መነጽር አገላብጠው ካዩ በኋላ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የወጣት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ኧረ ትቀመጥና ልያት።"

ኑሰይባ ተቀመጠች። በግራ እጇ ወረንጦውን አነሣች። የአሮጌውን ሰዓት ጀርባ ከፈተች፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አወጣች፣ ከዚያ ትንሿን ቀለበት በቀጭኗ ሽቦ እንዳንጠለጠለች ወደ ብርሃኑ አነሣቻት። ሰዓቱ ቆመ። ቀለበቷ አየር ላይ ቀስ ብላ ዞረች፤ እጇ ግን አልተንቀሳቀሰም።

አቶ አብዱልሐሚድ ከጎኗ ቆመው ነበር። የሚናገሩትን ከፍሬዘር ጋር ተለማምደውት ነበር፤ ስለ ኮቨንትሪ፣ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ቤተሰቡ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ሌላ ነገር ወጣ።

"ልጄ ናት የሠራችው" አሉ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገሙት። ከዚያ፣ ያልሰማ እንዳይኖር ይመስል፣ ወደ መስጊዱ ሰዎች ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "አዲሱን ሰዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልጄ ናት የሠራችው! ኑሰይባ! እኔ አይደለሁም!"

ኑሰይባ ከአጉሊ መነጽሯ ሥር ቀና አላለችም። ጆሮዋ ብቻ ቀላ።

"አባዬ፣ ፕሊስ" አለች፤ "እየሠራሁ ነው።"